የጌም ኮምፒውተር ልትገዙ ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጌም ኮምፒውተር የምትጠይቁኝ ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። ዋጋ ግን አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት ብር በሚቀጥለው ሳምንት ላይሠራ ይችላል። «ጥሩ የጌም ኮምፒውተር የቱ ነው?» ብቻ ብላችሁ የላካችሁ ብዙ ናችሁ። ምን ጌም እንደምትጫወቱና ምን ዓይነት ስክሪን እንዳላችሁ ሳላውቅ የምሰጠው ምክር ግምት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጋችሁ የጻፋችሁልኝን አስቀድሜያለሁ።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ያገለገለ የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ዕቃ) ብጨምርበት ካውንተር ስትራይክ 2 ያጫውታል ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?

መልስ፦ ሴቲንጉን ዝቅ አድርገህ በደንብ ያጫውትሃል። ግን ሱቅ ከመሄድህ በፊት ኬዙን ክፈተው።

መጀመሪያ ቁመቱን እይ። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም። «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭሩን ትፈልጋለህ፤ ከካርዱ ጋር አጭሩ የብረት ማሰሪያ መኖሩንም አረጋግጥ። ሻጩ ረጅሙን ማሰሪያ ብቻ ከሰጠህ ኬዝህ አይዘጋም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። የቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ 240 ዋት አካባቢ ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ማስገቢያ ብቻ የሚወስድ ካርድ ነው የምትፈልገው። ያ ማስገቢያ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1650 የኃይል ገመድ የማይፈልገው ዓይነት ይሆንሃል፤ የሚፈልግም ስላለ ካርዱን አገላብጠህ እይ። በጀትህ ከፍ ካለ አርቲኤክስ 3050 አለልህ። ባለ 6 ጊጋው ግን፤ እሱ 70 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋው 130 ዋት ስለሚበላ ላንተ አይሆንም። ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አርኤክስ 6400 በዋጋው ያጓጓሃል። ጥሩ ካርድ ነው፣ ላንተ ማሽን ግን አልመክረውም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ እንዳንተ ባለ ቆየት ያለ ቦርድ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

«ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ ቀይረው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ደግሞ ሶኬቱን አሳየው። የእነዚህ ማሽኖች መሰኪያ ከተለመደው የተለየ ስለሆነ ያለ አስማሚ ገመድ አይገጥምም።

ራሙን ወደ 16 አድርሰው፤ ሌላ ባለ 8 ጊጋ ጎኑ ሰካበት። ዊንዶውስ 11 ግን ስድስተኛ ትውልድን በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል የሚጀምረው ከስምንተኛው ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል፤ በፈረንጅ 2025 መሆኑ ነው። ይህን አውቀህ ግባበት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ቴሌግራም ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ግራፊክስ ካርድ በጣም በርካሽ አገኘሁ። አዲስ ነው፣ ካርቶን አለው። ልግዛ?

መልስ፦ ፎቶውን አየሁት። ከጀርባው ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ አለው። አትግዛ!

የእውነተኛው 1050 ቲአይ ቺፕ የቪጂኤ ሲግናል አያወጣም። መሰኪያው ካለ ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕድሜው የገፋ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ተወስዶ ባዮሱ፣ ማለትም ስሙን የሚናገረው ውስጣዊ ፕሮግራሙ፣ ተቀይሮለታል። ዊንዶውስ «1050 ቲአይ» ብሎ ያሳይሃል፤ ጌም ስትከፍት ግን ይንቀራፈፋል ወይ ጭራሽ ይዘጋል።

ያገለገለም ሆነ አዲስ፣ ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታት። ፎርጂድ ካርዶችን ለይታ ስሙ ፊት ምልክት ታደርግበታለች። ከዚያ ከበድ ያለ ጌም ለሩብ ሰዓት አስኪድና ስክሪኑን ተመልከት። ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየህ አመስግነህ ውጣ። ሻጩ «ለቼክ መብራት የለም» ካለህ መብራት ሲመጣ ተመለስ። ካርድ እየሠራ ሳይታይ አይገዛም።

ጥያቄ፣ ከቨርጂንያ፦ ልጄ አዲስ አበባ ነው ያለው። ለገና ስመጣ የጌም ኮምፒውተር ይዘሽልኝ ነይ ብሎኛል። ሙሉውን ልግዛ ወይስ ዕቃ ዕቃውን? ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም።

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡ በቅድሚያ። ሙሉውን አይሸከሙ። ኬዙ ቦታ የሚበላ ቆርቆሮ ነው፤ እዚህ ይገኛል። ሞኒተርም እንዲሁ፣ በሻንጣ ውስጥ ይሰበርብዎታል። ይዘው የሚመጡት ትንሽና ውድ የሆነውን ነው፦ ግራፊክስ ካርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ፋይል የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ። ካርዱን ከነካርቶኑ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙት። ፕሮሰሰሩን ከፕላስቲክ ማቀፊያው አያውጡት፤ የአንዳንዶቹ ከሥራቸው ፀጉር የሚያህሉ ፒኖች አሉባቸውና አንዷ ከታጠፈች ጣጣ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ልጅዎ ዕቃዎቹን የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ሙሉ ስም ጽፎ ይላክልዎት። «ማንኛውም ይሆናል» ቢልዎት አይመኑት።

ሙሉ ኮምፒውተር ለማምጣት ከቆረጡ የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ይዩልኝ። «100–240» ከተጻፈበት የሚቀየረው ገመዱ ብቻ ነው። ቀይ መቀየሪያ ካለውና 115 ላይ ከሆነ ግን እዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መገፋት አለበት። ተረስቶ ከተሰካ «ጧ!» ይላል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

ዋስትናው ብዙ ጊዜ እዚያው አሜሪካ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ገጥሞ እንዲሞክርልዎት ያድርጉ።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር፦ 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዛሁ። ከድሮው 60 ጋር ልዩነቱ አልታየኝም። ተበላሁ?

መልስ፦ ምናልባት አልተበላህም። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲሱንም ሞኒተር 60 ላይ ይተወዋል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግባና 144 ምረጥ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው፤ ዲስፕሌይ ፖርት ተጠቀም።

ገመዱ የተሰካውም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሁን። ውድ ካርድ ገዝቶ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ሰው ብታይ አትሳቅ፣ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም ካርድህ በጌሙ ውስጥ በሰከንድ 50 ምስል ብቻ ካወጣ ሞኒተሩ ምንም አይጨምርልህም። በ60 ኸርዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው፣ በ144 በየ6.9። ካርዱ ካልደረሰ ስክሪኑ ያው የድሮውን ምስል ነው የሚደግመው።

ጥያቄ፣ ከጅማ፦ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ስታቢላይዘር አለኝ፣ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልግሃል፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። በውስጡ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ያለበትን ከገዛህ ስታቢላይዘሩን ለፍሪጅ ስጠው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ቪኤ ነው፣ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። መካከለኛ የጌም ኮምፒውተር በጨዋታ ላይ 250 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ሞኒተሩን ደምርበት። የምታገኘው ደቂቃዎች ነው። ጌሙን ሴቭ አድርገህ ለመዝጋት እንጂ ግጥሚያ ለመጨረስ አይደለም። የኢንተርኔት ራውተሩንም እሱ ላይ ሰካው።

መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብራ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ዕቃ የሚያቃጥሉት። ፓወር ሰፕላይ ላይም አትቆጥብ። በዚህ አገር መብራት ስሙ የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ መግዛት የቤትህን ቁልፍ ለማታውቀው ሰው እንደመስጠት ነው።

ጥያቄ፣ ከጎንደር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ላፕቶፕ ነው የምችለው። ያየኋቸው ሁለት ላፕቶፖች ግራፊክስ ካርዳቸው አርቲኤክስ 4060 ነው፣ ዋጋቸው ግን ይራራቃል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ የላፕቶፕ 4060 አንድ ነገር አይደለም። አምራቹ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል የፈለገውን ይሰጠዋል። 45 ዋት የተሰጠውና 115 የተሰጠው በስም ወንድማማቾች ናቸው፣ በጌም ውስጥ ግን አይገናኙም። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ፈልጊና የካርዱን ዋት እዪ። ሻጩ ካላወቀው የቻርጀሩን ዋት አንብቢ፤ ባለ 230 ዋት ቻርጀር ያለው ብዙ ጊዜ ጉልበት ያለው ነው። ከነቻርጀሩ ምን ያህል እንደሚከብድም አንስተሽ እዪው፣ ክፍል ይዘሽው የምትሄጂ ከሆነ።

ሙቀቱን አትናቂ። ጎንደርም አዲስ አበባም ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይክሰናል። አቧራውን ግን የሚክሰው የለም። አልጋ ላይ አስቀምጠሽ አትጫወቺ፤ ብርድ ልብሱ የአየር ማስገቢያውን ይደፍነዋል። ከኋላ በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጊው፣ ማቀዝቀዣ ጠረጴዛ ከመግዛትሽ በፊት።

ጥያቄ፦ የጌም ማውዝና ኪቦርድ ለውጥ ያመጣል ወይስ የሚያብለጨልጨው መብራቱ ብቻ ነው?

መልስ፦ ማውዝ ያመጣል። 26 ሺህ ዲፒአይ (ጠቋሚው በእጅህ እንቅስቃሴ የሚሮጥበት ልክ) የሚለውን ግን እርሳው፤ ከ400 እስከ 1600 ባለው ነው አብዛኛው ሰው የሚጫወተው። ከእጅህ የሚገጥም፣ ቀለል ያለ ማውዝና ሰፊ የጨርቅ ፓድ ይበቃሃል። ኪቦርዱ የምቾት ጉዳይ ነው። ከቁልፎቹ ሥር ሰማያዊ ስዊች (መጫኛ) ያለውን ከገዛህ ሌሊት ቤተሰቡ አብሮህ ያመሻል፤ ቀዩ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ሄድሴቴ ስልክ ላይ ማይኩ ይሠራል፣ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ ብቻ።

መልስ፦ ጫፉን እየው። ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ድምፅና ማይክ በአንድ ላይ ነው፤ ኮምፒውተርህ ደግሞ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ቀዳዳዎች አሉት። ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ግዛ፣ ርካሽ ናት። ሄድሴቱ ደህና ነው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ጌም ቤት አለኝ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ነው የማሠራው። ወደ ኮምፒውተር ልቀይር?

መልስ፦ ደንበኞችህ ኳስ የሚጫወቱ ከሆነ አትንካው። ልጆቹ ቁጭ ብለው ጎን ለጎን ነው የሚሰዳደቡት፤ ለዚያ አንድ ስክሪንና ሁለት ጆይስቲክ ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ቫይረሱ፣ ዊንዶውሱ፣ አካውንቱ የየቀን ሥራ ይሆንብሃል። ገንዘብ ካለህ ጆይስቲኮቹን አድስ። ስቲኩ ሳይነካ ራሱን የሚነዳ ከሆነ ደንበኛህ ሌላ ቤት ይሄዳል። «ሆል ኢፌክት» የሚባሉት ስቲኮች በማግኔት ስለሚሠሩ እንደተለመዱት ቶሎ አይበሉም፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ከፕሌይስቴሽን ጋር መሥራቱን አረጋግጥ።

ጥያቄ፣ ከዱባይ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ አብረን እንጫወታለን። እሱ ላግ ያደርጋል። ግራፊክስ ካርድ ልላክለት?

መልስ፦ መጀመሪያ ቁጥሮቹን አሳዩኝ። ጌሙ ውስጥ ፒንግ (መልእክት ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) እና ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጣው ምስል) የሚሉትን አብሯቸው። ኤፍፒኤሱ ከወረደ ኮምፒውተሩ ነው፤ ካርድ ይረዳዋል። ፒንጉ ከዘለለ መስመሩ ነው፣ የላክኸው ካርድ ምንም አያደርግም። ዋይፋዩን ትቶ በኬብል ይሰካ። ሰርቨሩ ዱባይ ከሆነ አንተ ጎረቤት ነህ፣ እሱ ግን ርቆ ነው የሚጫወተው፤ ይህ በዕቃ አይስተካከልም።

ኤፍፒኤሱ ደህና ሆኖ የሚያስጨንቀው ማውረዱ ከሆነ ደግሞ መላ አለው። በእረፍት ስትመጣ ጌሞቹን ላፕቶፕህ ላይ ጭነህ ና። ጌም የሚወርድበት ስቲም የሚባለው ፕሮግራም በአንድ ቤት ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር ጌም ይገለብጣል፤ 2023 ላይ የገባ ነገር ነው። ሁለቱን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰኳቸው፣ ሴቲንጉ ውስጥ የጌም ዝውውሩን ፍቀዱ። ራውተሩ ፈጣን ከሆነ ቀናት የሚፈጀው 80 ጊጋ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትነሱ ያልቃል።