ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ምን ነበር?

ወዳጄ፣ «ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ምን ነበር? ከምንምስ እንዴት ነገር ይገኛል?» ብለሃል፤ ታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) የምንለው ዩኒቨርስ መስፋፋት የጀመረበትን ሁነት ነው። በመጀመሪያው ጥያቄህ ውስጥ «በፊት» የምትለው ቃል ሳትፈተሽ ሾልካ አልፋለች። «በፊት» ለማለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ራሱ ከዩኒቨርስ ጋር የጀመረ ከሆነ ጥያቄው ከሰሜን ዋልታ በስተሰሜን ምን አለ እንደማለት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሃውኪንግ ይህን ምሳሌ ይወድ ነበር። እኔ ብልሃቱን ባደንቅም አላረካኝም፤ ዋልታው ራሱ ለምን ኖረ?

«ፍንዳታ» የሚለው ስምም ያሳስታል። በባዶ ቦታ መካከል የፈነዳ ነገር የለም፤ የተለጠጠው ቦታው ራሱ ነው። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁሉም የጋለና የታመቀ እንደነበር የሚመሰክረው ጨረር ዛሬም በዙሪያችን አለ። በድሮው ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጠፋ ከሚርመሰመሰው ነጭ ነጠብጣብ ጥቂቱ የእርሱ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄህ ይከብዳል። ዩኒቨርስ ከኳንተም ባዶነት፣ ማለትም አንድም ቅንጣት ከሌለበት ሁኔታ፣ ሊወጣ ይችላል የሚሉ የፊዚክስ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን ያ ባዶነት ሕግ አለው፣ ኃይልም አለው፤ ሕግ ያለው ባዶ ደግሞ «ምንም» አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1714 «ከምንም ይልቅ አንድ ነገር ለምን ኖረ?» ሲል የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ቀመሮቹ እስካሁን አልነኩትም።