የለንደን ማራቶንን ለበጎ አድራጎት መሮጥ፦ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

የለንደንን ማራቶን ሁለት ጊዜ ለበጎ አድራጎት ሮጫለሁ። ሁለቱም ጊዜ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ይሄ የአትሌት ምክር አይደለም፤ ከሥራ መልስ እየደከማት ጫማዋን የምታስር ሴት ምክር ነው።

የውድድሩ መግቢያ ዕጣ አልወጣልኝም። በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል መግባት እንዴት ነው?

አይዞህ፣ ለ2026ቱ ውድድር ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያመለከተው። ድርጅቶቹ ከአዘጋጁ ቦታ ይገዙና ለሯጭ ይሰጣሉ። አንተ ደግሞ ይህን ያህል እሰበስባለሁ ብለህ ቃል ትገባለህ። ብዙ ጊዜ 2,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከመፈረምህ በፊት ውሉን አንብብ። ገንዘቡ ካልሞላ ቀሪውን ከኪስህ ትከፍላለህ ወይ? ጉዳት ደርሶብህ ባትሮጥስ? እንደየድርጅቱ ይለያያል። የድርጅቱን የምዝገባ ቁጥርም ከቻሪቲ ኮሚሽን (በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ እየው።

እውነቱን ንገሪኝ፣ ሐበሻ ይሰጣል?

ይሰጣል። የገንዘብ መስጫ ሊንክ ስትልኪለት ግን አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት ሊንኩን በዋትስአፕ ለማውቀው ሰው ሁሉ በተንኩት። የመጣልኝ "በርቺ!" እና የጭብጨባ ምልክት ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ በአንድ ደወልኩ። ከቅዳሴ በኋላም ፈቃድ ጠይቀን ቡና አፈላን፣ የምስር ሳምቡሳ ሸጥን። የምሮጠው ልጆችን ለሚረዳ ድርጅት ነበርና አንዲት እናት ሃያ ፓውንድ አጣጥፈው እጄ ውስጥ ወሸቁና "ለልጆቹ ነው እንጂ ለአንቺ እግር አይደለም" አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ልሠራ ነበር። ጊፍት ኤይድ የሚባል ነገር አለ፤ እንግሊዝ አገር ግብር የሚከፍል ሰው 1 ፓውንድ ሲሰጥ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ፔንስ ይጨመርለታል። እኔ የተሰበሰበውን ጥሬ ገንዘብ በካርዴ ልከፍልና የጊፍት ኤይድ ሳጥኗን ምልክት ላደርግ ነበር። አይቻልም፤ ገንዘቡ የእኔ አይደለማ። ከድርጅቱ የስፖንሰር ቅጽ ውሰጂ። እያንዳንዱ ሰጪ ሙሉ ስሙን፣ የቤት አድራሻውንና ፖስት ኮዱን ራሱ ይሙላ። እኛ ቤት ጥሬ ገንዘብ ስለሚበዛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሮጬ አላውቅም። ስንት ወር ይበቃኛል?

ሳትቆሚ 5 ኪሎ ሜትር የምትሮጪ ከሆነ ከ16 እስከ 20 ሳምንት። ከዜሮ ከሆነ ስድስት ወር ያዢ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ሩጪ፣ አንዱ ቀን ረጅም ይሁን። ረጅሙን እያወራሽ መሮጥ በምትችይበት ፍጥነት ነው የምትሮጪው። ቀስ በቀስ እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ታደርሺውና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ትቀንሻለሽ። ያኔ የቀረብሽን ልምምድ ላካክስ እንዳትይ።

ሁዳዴን እየጾምኩ መለማመድ እችላለሁ?

ይሄን የጠየቁኝ ሰባት ሰዎች ናቸው! ውድድሩ ሚያዝያ ላይ ስለሆነ ረጃጅሞቹ ሩጫዎች ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃሉ። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፤ እንጀራና ሽሮ ለሯጭ ጥሩ ጉልበት ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ከምግብ ዓይነቱ በቀር የሰዓት ጾም ስለሌለ ረጅሙን ቅዳሜ ጠዋት አደረግኩት። ከመውጣቴ በፊት በሶ በውኃ በጥብጬ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምሬ እጠጣለሁ። ኪሴ ውስጥ ተምር አለ። ጄል (ሯጮች ለጉልበት የሚወስዱት ጣፋጭ ነገር) የምትወስዱ ከሆነ የጾም መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ። በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ደግሞ ከበላችሁ በኋላ አመሻሹ ላይ ቀለል ያለውን ሩጡ። ሕመም ወይም መድኃኒት ካለ ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ አርብ ማታ ምስር ወጥ ጥግብ ብዬ በላሁ። ቅዳሜ 24ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ አመፀ። የማላውቀው ካፌ ገብቼ፣ ለሽንት ቤቱ ስል የማልፈልገውን ቡና ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ አርብ ማታ ሩዝ ነው።

በ2025 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ ውድድሩ ሚያዝያ 19 ዋለ። ሁለት ወር ገደማ ሥጋ ያላየ ሆድ ላይ ዶሮና ክትፎ፣ ያውም ሳምንት ሲቀረው! አንድ እንቁላልና ትንሽ የዶሮ መረቅ ቀመስኩ፣ እናቴ ተቀየመችኝ።

ጫማስ?

የተመቸሽን። አዲስ ጫማ ግን ለውድድር ቀን አታውጪ።

ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ቢሮ ውስጥ ሁሉም አሸንፋለሁ ብሎ ይጠብቃል። ምን ልበላቸው?

እኔንም ገጥሞኛል። በ2025 ትዕግስት አሰፋ በ2:15:50 ገብታ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ማራቶን የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። እሷ ስትጨርስ እኔ ገና ታወር ብሪጅ የሚባለው ድልድይ አልደረስኩም። በማግስቱ ባልደረቦቼ "አንቺስ ስንተኛ ወጣሽ?" ይሉኛል። የሰበሰብኩትን ገንዘብ ነገርኳቸውና ዝም አሉ። ድልድዩ ላይ የአውራሪስ ልብስ የለበሰ ሰው እንዳለፈኝ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።