የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፖላንድ ተራራ ወታደሮች ከታትራ እስከ ናርቪክ

ባለፈው እትም ስለ 2ኛው የዓለም ጦርነት ያወጣነው የፎቶ ገጽ ብዙ ደብዳቤ አስከትሏል። ከመጡት ውስጥ ሦስቱን መርጠናል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንደኛው ወታደር ፖላንዳዊ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። አንገትጌው ላይ ግን የናዚ ስዋስቲካ ይታያል። ፎቶ ተቀያይሮባችሁ ነው? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

አልተቀያየረም ወንድሜ። ሰውየው ፖላንዳዊ ነው፣ ምልክቱም የራሱ ነው። ፖድሃሌ የሚባለው አገር በደቡብ ፖላንድ፣ ከታትራ ተራሮች ግርጌ ይገኛል። እዚያ የሚኖሩት ደገኞች ይህን ምልክት የቤታቸው ጣሪያ ወራጅ ላይ ይቀርጹት ነበር፤ ለበረከትና ለመልካም ዕድል። ፖላንድ በ1918 ነፃነቷን ስታገኝ ከዚያ አካባቢ የተራራ እግረኛ ጦር ተቋቋመ፣ ወታደሮቹም የአገራቸውን ልብስና ምልክት ይዘው ገቡ። የንስር ላባ የተሰካበት ባርኔጣ፣ እንደኛ በርኖስ ትከሻ ላይ የሚጣል ካባ፣ አንገትጌ ላይ ደግሞ ያ ምልክት። የሂትለር ፓርቲ ተመሳሳዩን ምልክት የወሰደው በራሱ መንገድ ነው፣ ከነዚህ ሰዎች ጋር ምንም አያገናኘውም። አንተም ከጎንደር ብዙም ሳትርቅ ልታየው ትችላለህ፤ ላሊበላ ሄደህ የቤተ ማርያምን መስኮቶች ልብ ብለህ ተመልከት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ ነው። ናርቪክ አካባቢ የፖላንድ ወታደሮች መቃብር አየሁ። ፖላንድ በ1939 ተሸንፋ የለም እንዴ? ታዲያ ወታደሮቿ በ1940 እዚህ ምን ይሠራሉ? (አንዲት እህታችን)

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ፖላንድ ተወረረች እንጂ መንግሥቷ እጅ ሰጥቶ አልፈረመም። ጀርመን መስከረም 1 ቀን 1939 ስትገባ የተራራው ጦር ደቡቡን ይጠብቅ ነበር። ከነዚህ አንዱ መቀመጫው ቢየልስኮ የነበረው 21ኛው የተራራ እግረኛ ክፍለ ጦር ነው፣ አዛዡ ጀኔራል ዩዜፍ ኩስትሮኝ። ሁለት ሳምንት እየተዋጉ ወደ ምሥራቅ አፈገፈጉ። መስከረም 16 ቀን ኦሌሺጼ ከተባለች ከተማ አጠገብ ተከበቡ፣ ኩስትሮኝም እዚያው ከወታደሮቹ ጋር ወደቀ። በማግስቱ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ገባች። ከዚያ በኋላ ዋናው መውጫ ወደ ሃንጋሪና ወደ ሩማንያ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ወታደር የካርፓቲያን ተራሮችን እያቋረጠ፣ ከመጠለያ ካምፕ እየጠፋ፣ በባቡርና በመርከብ ፈረንሳይ ገባ።

ፈረንሳይ ውስጥ ጀኔራል ሲኮርስኪ አዲስ የፖላንድ ጦር እያደራጁ ነበር። በየካቲት 1940 የፖድሃሌ ተኳሾች ብርጌድ ተቋቋመ። ወደ 5,000 ሰው ነበር፣ አዛዡ ዚግሙንት ሺሽኮ ቦሁሽ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ስሙ የተራራ ብርጌድ ይሁን እንጂ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ታትራን አያውቁትም፤ ለሥራ ፍለጋ ፈረንሳይ የመጡ የፖላንድ ስደተኞችና የስደተኞች ልጆች ነበሩ። የተላኩትም መጀመሪያ ወደ ኖርዌይ አልነበረም። ፊንላንድን ከሶቪየት ሊያግዙ ሲዘጋጁ፣ ፊንላንድ መጋቢት 12 ቀን ሰላም ፈረመች። ቀዝቃዛ አገር ለመዋጋት የተሰናዳ ጦር ሥራ አጥቶ ቁጭ አለ።

ከአንድ ወር በኋላ ጀርመን ኖርዌይን ወረረች፣ ናርቪክም ያዘች። ናርቪክ ለምን? አንቺ እዚያው ስለምትኖሪ ወደቡን ታውቂዋለሽ፤ ክረምትም ቢሆን አይረጋም። የስዊድን የኪሩና የብረት ማዕድን በባቡር እዚያ ይወርድና በመርከብ ይወጣል። የጀርመን የጦር ፋብሪካ በዚያ ብረት ላይ በእጅጉ የተመካ ነበር።

ከተማዋን የያዙት የጀኔራል ዲትል ሰዎች ነበሩ፤ ወደ 2,000 የሚሆኑ የተራራ ወታደሮችና መርከቦቻቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሰጠሙባቸው 2,600 ያህል መርከበኞች። ፖላንዳውያኑ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከፈረንሳዩ የብሬስት ወደብ ተነሥተው ግንቦት ውስጥ ደረሱ። የተመደቡት ከናርቪክ ፊት ለፊት ባለው የአንኬኔስ ልሳነ ምድር ነው። ተራራው ገና በረዶ ነው፣ ሌሊቱም አይጨልም። ሳይታዩ መንቀሳቀስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የጀርመን አውሮፕላኖች ደግሞ ከላይ ያገኙትን ይደበድባሉ።

ግንቦት 28 ቀን ጥቃቱ ተጀመረ። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎንና የኖርዌይ ሻለቃ ባሕሩን ተሻግረው ናርቪክ ገቡ። ፖላንዳውያኑ በሌላው ወገን አንኬኔስን እየወሰዱ ወደ ቤይስፊዮርድ ገፉ፣ ያ መንገድ ቢዘጋ ጀርመኖቹ ማፈግፈጊያ አያገኙም። በጦርነቱ ውስጥ ተባባሪዎቹ (እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አጋሮቻቸው) በምድር ላይ ካገኟቸው የመጀመሪያ ድሎች አንዱ ይህ ነው። ብርጌዱ በዘመቻው ሁሉ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቶበታል። ያየሽው መቃብር የነሱ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፦ ከጥቃቱ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 24 ቀን፣ ለንደን ውስጥ ኖርዌይን ለቆ ለመውጣት ተወስኗል። ፈረንሳይ እየፈረሰች ስለነበር ጦሩ እዚያ ተፈለገ። ጥቃቱ የተፈቀደው ወደቡን ለማበላሸትና አወጣጡን ለመሸፈን ነው። ወታደራዊ ምክንያቱ ይገባኛል። አንኬኔስ ላይ በረዶ ውስጥ እየተሳበ የወጣው ልጅ ግን የሚዋጋለት ከተማ ከአሥር ቀን በኋላ ባዶ እንደሚቀር የነገረው የለም። ኖርዌጂያኖቹም ቢሆኑ የገዛ አገራቸው እንደሚተው የተነገራቸው ከድሉ በኋላ ነው። ይህን የሚያክል ነገር መደበቅ ለእኔ ትክክል አይደለም፣ ያኔም አሁንም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። እነዚህ ፖላንዳውያን ከኖርዌይ በኋላ የት ደረሱ? ከእኛ ጦርነት ጋር የሚነካካ ነገርስ አላቸው? (ከደሴ)

ጋሼ፣ አለ፤ ግን በመጀመሪያ የነሱን ልጨርስ።

ከኖርዌይ ወጥተው በሰኔ አጋማሽ ብሬስት ሲደርሱ ፈረንሳይ ልትወድቅ ቀናት ነበሩ የቀሯት። ብርጌዱ ተበታተነ። ብዙዎቹ ተማረኩ፣ የተወሰኑት ወደ እንግሊዝ አመለጡ። ከነዚያ ጋር ሌሎች ተጨምረው የፖድሃሌ ተኳሾች ሻለቃ ተባሉና ስኮትላንድ ውስጥ በጀኔራል ስታኒስዋፍ ማቼክ 1ኛ የታንክ ክፍለ ጦር ሥር ገቡ። ማቼክ ራሱ በ1939 እነዚያው የደቡብ ተራሮች ላይ ተዋግቷል። በነሐሴ 1944 ኖርማንዲ ውስጥ፣ ሞን ኦርሜል በተባለ ኮረብታ ላይ፣ ወደ 1,500 እግረኛና 80 ታንክ ሆነው ተከበው ከፋሌዝ የሚያመልጠውን የጀርመን ጦር መንገድ ዘጉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የሆላንዷን ብሬዳ ከተማዋን ሳያፈርሱ ነፃ አወጡ። ጦርነቱን የጨረሱት ጀርመን ውስጥ፣ ቪልሄልምስሃፈን ላይ ነው።

አገራቸው ግን በሶቪየት እጅ ገባች። በ1946 የዋርሶው መንግሥት የማቼክን ዜግነት ገፈፈ። ጀኔራሉ ኤዲንብራ ውስጥ ሆቴል ቤት መጠጥ እየቀዱ ኖሩ። በ1994 በ102 ዓመታቸው ሲሞቱ የተቀበሩት በብሬዳ ከወታደሮቻቸው ጋር ነው።

አሁን ወደ እኛ። ኖርዌይ የተሸነፈችበት ቀን ሰኔ 10 ቀን 1940፣ በእኛ ሰኔ 3 ቀን 1932 ነው። በዚያው ቀን ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ገባች። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ላለመጋጨት ስትል አርበኞቻችንን በይፋ አታግዝም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በስደት ባዝ ከተማ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በቀናት ውስጥ ወደ ሱዳን ተነሡ።

ሁለተኛው የበለጠ ቅርብ ነው። ፖላንዳውያኑ ከናርቪክ ሲወጡ አብሯቸው የነበረው የፈረንሳይ ሌጌዎን 13ኛው ግማሽ ብርጌድ ይባላል። እሱም ብሬስት ደርሶ ተበተነ። ከፊሉ ወደ ሞሮኮ ተመለሰ፣ ከፊሉ እንግሊዝ ውስጥ ከጀኔራል ደ ጎል ጋር ቀረ። ይህ ከፊል በ1941 መጀመሪያ ኤርትራ ወረደና ከከረን ውጊያ በኋላ ወደ ምፅዋ ገፋ። አዛዡ ናርቪክ ላይም የመራው ኮሎኔል ሞንክላር ነው። ምፅዋ ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ስትያዝ አዲስ አበባ ከጣሊያን ከወጣች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ስለዚህ ጋሼ፣ የፖድሃሌ ሰዎች እዚህ አልዘመቱም፣ ከጎናቸው የተዋጉት ሌጌዎኖች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰሜን ኖርዌይ በረዶ እስከ ቀይ ባሕር ደርሰዋል።