በራስ ገንዘብ የፓይለት ትምህርት፦ ታክስ ላይ ምን ይቀነሳል? (ጥያቄና መልስ)

አሜሪካ ውስጥ ከኪሳቸው እየከፈሉ በረራ ለሚማሩ። መልሶቹ በዋናነት የፌዴራል ታክስን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ኡበር እየነዳሁ ለኮሜርሻል ላይሰንስ (እየተከፈለህ ለማብረር የሚያስችል ፈቃድ) እየተማርኩ ነው። ወጪውን ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ፎርም) ላይ ባስገባስ?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። እዚያ የሚቀነሰው ለኡበር ሥራው የወጣው ብቻ ነው። ለአዲስ ሙያ የሚያበቃ ትምህርት ደግሞ ምንም ውድ ቢሆን አይቀነስም፤ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ኮሜርሻል ያለው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። «ቢዝነስ ነው» ብሎ የሚሞላልህ ታክስ ሠሪ አይጠፋም። ኦዲት ሲመጣ ግን ታክሱን ከነወለዱና ከነቅጣቱ የምትከፍለው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ የአየር መንገድ ተቀጣሪ ፓይለት ነኝ፣ ደብሊው-2 (የተቀጣሪ የደመወዝ ፎርም) ነው የሚሰጠኝ። ታይፕ ሬቲንግ (አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያስፈልግ ፈቃድ) በራሴ ከፈልኩ፤ ይቀነሳል?

መልስ፦ ያለህን ሙያ የሚያሻሽል ስለሆነ በድሮው ሕግ ይታሰብ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ተቀጣሪ የራሱን የሥራ ወጪ መቀነስ አይችልም፤ በ2026 ይመለሳል የተባለውንም የ2025ቱ ሕግ ዘጋው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ጥቂት ስቴቶች በራሳቸው ታክስ ላይ አሁንም ይፈቅዳሉ። ለወደፊቱ ግን ከመክፈልህ በፊት አሠሪህን ጠይቅ፤ የትምህርት ድጋፍ ፕሮግራም ካለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ሊሸፍን ይችላል።

ጥያቄ፦ በ1099 (ተቀጣሪ ሳልሆን በግሌ) የምሠራ የበረራ አስተማሪስ?

መልስ፦ አንተ ትሻላለህ። ሲኤፍአይ (የበረራ አስተማሪ) ሆነህ እየሠራህ ሲኤፍአይአይ (በመሣሪያ ብቻ መብረርን የማስተማር ፈቃድ) ወይም ኤምኢአይ (ከአንድ በላይ ሞተር ባለው አውሮፕላን የማስተማር ፈቃድ) ብትጨምር ስኬጁል ሲ ላይ ይገባል፤ ከገቢ ታክሱ ሌላ የ15.3 በመቶው የራስ ሥራ ታክስም ይቀንስልሃል። ኤቲፒ (ከፍተኛው የፓይለት ፈቃድ) ላይ ግን እኔ እጠነቀቃለሁ፦ ለአየር መንገድ ካፒቴንነት የግድ ስለሆነ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) «አዲስ ሙያ ነው» ሊል ይችላል። ለኤቲፒ የሚጠየቀውን 1,500 የበረራ ሰዓት ለመሙላት ጓደኛ ጭኖ ሽርሽር መብረርማ ወጪ ተብሎ አይቀርብም። ኢንቮይሱ ላይ ያለው ቀን ከሎግቡክህ (የበረራ መዝገብህ) ጋር ይግጠም።

ጥያቄ፦ ልጄ በረራ ይማራል፣ የምከፍለው እኔ ነኝ። የትምህርት ክሬዲት (በቀጥታ ከታክሱ ላይ የሚቀነስ) አገኛለሁ?

መልስ፦ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። «የፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ) ኮድ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከሌላቸው የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ውስጥ የሉም ማለት ነው፤ ክሬዲትም የለም። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ለበረራ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የፓርት 141 ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኮዱ ካላቸው ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት ከትምህርት ክፍያው የመጀመሪያውን 10,000 ዶላር 20 በመቶ፣ ማለትም እስከ 2,000 ዶላር ይቀንስልዎታል፤ ታክስ ከሌለብዎ ግን ተመላሽ የለውም። ገቢዎ ለብቻ ከ80,000፣ ከባለቤትዎ ጋር ከ160,000 ዶላር ሲያልፍ እየቀነሰ በ90,000 እና በ180,000 ያልቃል። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ የአቪዬሽን ዲግሪ የሚማር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የተባለው ክሬዲት ይሻላል፤ እስከ 2,500፣ ከዚያም እስከ 1,000 ዶላሩ ታክስ ባይኖርብዎም ይመለሳል። ልጁን ጥገኛ አድርገው ካስገቡ ክሬዲቱ የእርስዎ ነው፣ ልጁ ራሱ ቢከፍልም እንኳ። የበረራ ክፍያው በኮሌጁ በኩል ካልሄደ 1098-ቲ (ኮሌጁ የሚልከው የትምህርት ክፍያ ፎርም) ላይ ላይታይ ስለሚችል ፎርሙን ከኮሌጁ ቢል ጋር ያስተያዩ። ሁለቱም ክሬዲቶች የሚሞሉት በፎርም 8863 ነው።

ጥያቄ፦ ለበረራ የተበደርኩት የግል ብድር ወለድስ?

መልስ፦ ያው ከላይ ያልኩት የትምህርት ቤት መስፈርት (የፋፍሳ ኮዱ) ነው። ትምህርት ቤቱ ካለፈ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ወለድ ይቀነሳል፣ ካላለፈ ምንም።

ጥያቄ፦ በኤም-1 (የሙያ ተማሪ) ቪዛ ነው የመጣሁት። የትምህርት ክሬዲት አገኛለሁ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ለታክስ እንደ ነዋሪ አትቆጠሪም፣ ስለዚህ ክሬዲቱ የለም። ከዜጋ ወይም ከነዋሪ ጋር ተጋብታችሁ አብራችሁ ለማስገባት ከመረጣችሁ ግን ይቻላል።