መጠይቁን ራሴ ሞልቼ አየሁት

እህታችን፣ አጎትሽ በ1966 ኦሃዮ ተማሪ ሳሉ ሰማይ ላይ ያዩትን ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ለአሜሪካ አየር ኃይል አመልክተው አጭር ደብዳቤ ብቻ እንደደረሳቸው ጽፈሻል። "የምር መርምረውት ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ ጥለውት?" ነው ጥያቄሽ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አየር ኃይሉ እንዲህ ያሉ ጥቆማዎችን የመረመረባቸውን ፋይሎች በማይክሮፊልም ሳገላብጥ ብዙ የእረፍት ቀኖቼን አሳልፌያለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መርምረዋል። ግን አብዛኛው ምርመራ የወረቀት ሥራ ነበር። ብሉ ቡክ የሚባለው የአየር ኃይሉ የምርመራ ፕሮጀክት ከ1952 እስከ 1969 የሠራው እዚያው ኦሃዮ፣ ዴይተን አጠገብ ባለው ራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ሰፈር ነው፤ የሰው ኃይሉ በጣም ጥቂት ነበር። ሰው ለፖሊስ ወይም ቅርቡ ላለ የአየር ኃይል ሰፈር ይደውላል፣ መረጃው ወደ ዴይተን ይሄዳል፣ እነሱም ከአውሮፕላን በረራ፣ ከአየር ጠባይ ፊኛና ከከዋክብት ጋር ያስተያዩታል። የከዋክብቱን ነገር የሚያዩላቸው የሥነ ፈለክ ሊቁ አለን ሃይኔክ ነበሩ። ቦታው ድረስ የሚኬደው አንዳንዴ ነው። በ1964 ኒው ሜክሲኮ ሶኮሮ ላይ ሎኒ ዛሞራ የሚባል ፖሊስ መሬት ላይ ያረፈ ነገር አየሁ ሲል ሄደዋል፣ አፈርም ወስደዋል። ያ ጉዳይ እስከ መጨረሻው "ያልታወቀ" ተብሎ ቀረ።

ለተመልካቹ ብዙ ጊዜ መጠይቅ ነው የሚላክለት። ስንት ሰከንድ አየኸው? መነጽር አድርገህ ነበር? በመስታወት ውስጥ ነው ያየኸው? ክንድህን ዘርግተህ ብትይዘው የሚያክለው የመርፌ ጫፍ ነው፣ አተር ነው፣ ሳንቲም ነው ወይስ የቅርጫት ኳስ? ሥዕሉንም ሣል ይልሃል። እኔ በ2020 አንድ ምሽት ሰማይ ላይ በመስመር የሚሄዱ መብራቶች አይቼ ደንግጬ ነበር፣ በኋላ የስታርሊንክ ሳተላይቶች መሆናቸውን ሳውቅ ያንን መጠይቅ አውጥቼ ለራሴ ልሞላው ሞከርኩ። በየት አቅጣጫ እንደሄዱ እንኳ እርግጠኛ መሆን አቃተኝ! ከዚያ ወዲህ "ተሳስተሃል" የተባለ ሰው ፋይል ባየሁ ቁጥር አዝንለታለሁ።

የሚያበሳጨኝ ግን መልስ አሰጣጣቸው ነው። በ1953 የወጣው የአየር ኃይሉ ደንብ የጦር ሰፈር አዛዦች ለሕዝብ እንዲናገሩ የሚፈቅደው መፍትሔ ስላገኙ ጉዳዮች ብቻ ነበር። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ዩ-2 የሚባለው የስለላ አውሮፕላን ከ60 ሺህ ጫማ በላይ መብረር ጀመረ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላም እዚያ ከፍታ ላይ ፀሐይ ታገኘውና ያብረቀርቃል። መርማሪዎቹ ከሲአይኤ ጋር አመሳክረው ምንነቱን እያወቁ፣ ምስጢር ስለሆነ ደብዳቤ ለጻፈላቸው ሰው እውነቱን መንገር አይችሉም ነበር። ሰውየው ያየው እውነተኛ ነገር ነው፣ መልሱ ግን ሌላ። ይህ ግፍ ነው፣ በጎረቤቱ ፊት እንደ ቀባጣሪ አስቆጥሮታል።

አጎትሽ ባዩበት ዓመት መጋቢት ላይ ሚሺጋን ውስጥ ብዙ ሰው መብራት አየሁ ሲል ሃይኔክ ምናልባት የረግረግ ጋዝ ነው አሉ። ሕዝቡ ተቆጣ። የዚያው ክፍለ ሀገር ተወካይ የነበሩት ጄራልድ ፎርድ የምክር ቤት ምርመራ ጠየቁ። ሃይኔክ ራሳቸው በኋላ የብሉ ቡክ ዋና ተቺ ሆኑ።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ 12,618 ጉዳይ ተመዝግቦ 701 ሳይታወቅ ቀርቷል። ግን "ታውቋል" ከተባለው ውስጥ "ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ የታለፈው ብዙ ነው፣ እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን አጎትሽን ወሩንና ከተማውን ጠይቂያቸው። ፋይሎቹ የተደረደሩት በቀን ነው። በስማቸው አትፈልጊ፣ ማይክሮፊልሙ ላይ የተመልካቾች ስም ተሸፍኗል። የሣሉት ሥዕል ካለ ግን የእጃቸውን አጣጣል ይለዩታል።