የትኛውን አጥቂ እናስጀምር? ለወጣት አሰልጣኞች

ባለፈው ሰሞን ስታዲየም አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ፣ የታዳጊዎች ቡድን የሚያሰለጥን አንድ ወጣት ቀርቦ ሰላምታ ሰጠኝና፣ «ጋሼ፣ ሦስት ጥሩ ጥሩ አጥቂዎች አሉኝ፤ ከፊት የማሰልፈው ግን ሁለት ብቻ ነው። የትኞቹን ላስጀምር?» ሲል ጠየቀኝ። ለጊዜው በአጭሩ መልሼ አሰናበትኩት። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሱም፣ በየሰፈሩ ሜዳ ፊሽካ ይዛችሁ ለምትውሉት ለእናንተም ሐሳቤን በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድኩ።

በአንድ የከተማችን ክለብ ረዳት አሰልጣኝ በነበርኩበት ዘመን ሁለት አጥቂዎች ለአንድ ቦታ ይፎካከሩ ነበር። አንደኛው ስሙ ከደጋፊው አፍ የማይጠፋ፣ ሳጥን ውስጥ ኳስ ካገኘ የማይምር ግብ አግቢ ነበር። ሌላው ረጅምና ደንዳና የጌጃ ሰፈር ልጅ ሲሆን፣ ግብ የሚያስቆጥረው አልፎ አልፎ ነው። ይህን ልጅ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን ሥራው ሌላ ነበር። ግብ ጠባቂያችን ኳሱን ከመምታቱ በፊት በቀኝ ትከሻው በኩል አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ተከላካዩ የት እንዳለ ያያል፤ ከዚያም ክንዱን ገለጥ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ ተከላካዩን ከጀርባው ያስቀረዋል። ኳሱ ደረቱ ላይ አርፎ እግሩ ሥር ሲወድቅ፣ የመሃል ተጫዋቾቻችን ተንደርድረው እስኪደርሱለት ድረስ እየተገፋም እየተጎተተም ይዞ ይጠብቃቸዋል። የታኬታው ሶል እየተከፈተ ስላስቸገረው ማሰሪያውን ከሥር በኩል ሁለት ጊዜ አዙሮ ነበር የሚያስረው፤ ክረምት ላይ ያ ማሰሪያ በጭቃ ተለውሶ ሲበጠስበት ጫፍና ጫፉን ቋጥሮ ተመልሶ ይሮጣል።

በውድድሩ መጨረሻ የገጠመን ቡድን ወደ ፊት ተጭኖ የሚጫወት፣ ተከላካዮቹም በጉልበታቸው የታወቁ ነበሩ። ዋናው አሰልጣኝ ሳምንቱን ሙሉ ያሠራን፣ ኳሱን በረጅሙ ወደዚያ ልጅ ልከን እርሱ የሚያወርደውን መልቀም ነበር። በጨዋታው ዋዜማ ግን ከክለቡ አመራሮች አንዱ ልምምድ ቦታ ድረስ መጥተው ዋናውን አሰልጣኝ ለብቻው አነጋገሩት። በማግስቱ መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር የልጁን ስም ከተቀያሪዎች ጋር አገኘነው። ልምምዳችን ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ለዋናው አሰልጣኝ ነገርኩት፤ እርሱም «ደጋፊው የሚያውቀው ይግባ ተብሏል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ጨዋታው ሲጀመር ግብ አግቢው ያለ ጥፋቱ ባከነ። በረጅሙ የተላከለት ኳስ ሁሉ በተከላካዮቹ ግንባር እየተመለሰ መጣ፤ የእኛ ተከላካዮች ትንፋሽ ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አጡና ከዕረፍት በፊት ሁለት ግብ ተቆጠረብን። ረጅሙ ልጅ የገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ነበር። የመጀመሪያው ኳስ ደረቱ ላይ ሲያርፍ፣ ወደ ኋላ ተገፍቶ የቆየው ቡድን እንዳለ ወደ ፊት ሲወጣ አየሁ። አንድ ግብ አገባን፤ ሰዓቱ ግን አለቀ።

ከጨዋታው በኋላ መተላለፊያው ላይ ማልያውን እንደለበሰ ጠበቀኝና «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነገርኩት። ለምን እንደተቀመጠ ሊያስረዳው የሚገባው ሰው ግን ቀድሞ ወጥቶ ሄዷል። በቀጣዩ ዓመት ልምምድ ሲጀመር ልጁ አልመጣም፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ መሸጥ እንደጀመረ ከጓደኞቹ ሰማሁ። በሥራው ይኮራ፣ ይክበርበት፤ ያ ሁሉ ችሎታ አንድ ሰው ደፍሮ ምክንያቱን ባለመናገሩ ከሜዳ መውጣቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። አጥቂ ከመምረጣችሁ በፊት የተጋጣሚያችሁን የመሃል ተከላካዮች እወቁ። ከግባቸው ርቀው የሚቆሙ ከሆነ ከጀርባቸው ያለውን ክፍት ቦታ የሚሮጥበት ፈጣን ልጅ ያስፈልጋችኋል፤ ግባቸው ሥር ተከማችተው የሚጠብቁ ከሆነ ግን ፍጥነት መሮጫ ስለማያገኝ፣ በጠባብ ቦታ የሚዞር ወይም በግንባሩ የሚገጭ ይሻላል። በግንባር የሚገጨውን አሰልፋችሁ ከመስመር ኳስ የሚያሻማለት ሰው ካላሰለፋችሁ ደግሞ ልጁን በከንቱ አደከማችሁት። ሁለት አጥቂ ስታጣምሩ፣ አንዱ ኳስ ለመቀበል ወደ መሃል ሲመጣ ሌላው ወደ ግብ የሚሮጥ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ኳስ እግራቸው ሥር እንዲመጣላቸው የሚፈልጉ ከሆነ ተከላካዮቹ ዞር ብለው የሚያዩት ነገር አይኖርም።

ግብ የማስቆጠር ኃላፊነትን በአንድ ሰው ላይ መጣልም ልማድ ሆኖብናል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፣ አራቱን ግቦች ያስቆጠሩት አራት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ። ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ የሆነውና በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈው ያ ቡድን፣ መንግሥቱን የመሰለ አጥቂ ይዞም እርሱን ብቻ አልጠበቀም።

የከተማችንን ከፍታም አትርሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ በረጅሙ የተመታ ኳስ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል፤ ከቆላ የመጣ ተከላካይም ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። እዚህ ሲሆን ሯጩን አጥቂ ከመጀመሪያው አስገብታችሁ ተከላካዮቹን አድክሟቸው። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ስትወርዱ ግን ሙቀቱ የሚያደክመው የእናንተን ልጆች ስለሆነ፣ ኳስ ይዞ የሚያሳርፋችሁን አስጀምሩና ሯጩን ለመጨረሻው ሰዓት አቆዩት። በእኛ ዘመን የሚቀየረው ሁለት ሰው ብቻ ስለነበር እንዲህ ማሰብ ከባድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በትልልቅ ውድድሮች አምስት ተጫዋች መቀየር በቋሚነት ከተፈቀደ ወዲህ ግን፣ ጨዋታውን የሚጨርሱትን አጥቂዎች ከሚጀምሩት እኩል አስባችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

የዛሬ ልጆች በስልካቸው የሚያዩት የግብ ቅንጭብ ብቻ በመሆኑ፣ ከግቡ በፊት አጥቂው ያደረገውን ሩጫ አያውቁትም። ብዙ ወጣት አሰልጣኞችም በዚሁ ዓይን ይመርጣሉ፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። አጥቂያችሁን ኳስ ሌላ ቦታ ባለበት ሰዓት ተመልከቱት፤ ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል ወይስ ተከላካዩ በደካማ እግሩ እንዲያቀብል አቅጣጫ ዘግቶ ያስገድደዋል? በዝናው ብቻ ቦታ ለሚጠይቃችሁ አትስጡ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን መካድ የማልችለው ነገር አለ፤ ስሙ የተፈራ አጥቂ ሁለት ተከላካይ ወደ ራሱ ስቦ ለጓደኛው ቦታ ሲከፍትለት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ዝናም ሥራ ይሠራል።

ምርጫችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ የሚቀመጠውን ልጅ ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት፣ ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ ለብቻው ጥሩትና እናንተው ራሳችሁ ንገሩት፤ ለረዳታችሁ አትተዉት። ምክንያቱን በኳስ ቋንቋ አስረዱት፤ የትኛው ተከላካይ ሲደክም እንደምታስገቡት፣ ሲገባም በየትኛው በኩል እንዲሮጥ እንደምትፈልጉ ጨምራችሁ ንገሩት። ከአመራር በኩል የመጣባችሁን ስም ካሰለፋችሁ ግን ለዚያ ልጅ የምትነግሩት ምክንያት አይኖራችሁም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ትእዛዙን ያመጣው ሰው ራሱ ልጁን ጠርቶ እንዲያስረዳው ጠይቁ።