ጊደሬ ኮርማ ፈለገች፤ ላስጠቃት?

ጥያቄው የመጣው ከመልካ ጀብዱ ነው። ድሬዳዋ ዳር ላይ ወተት የሚሸጥ አርቢ ሁለት ጊደሮች አሉት። አንዷ ከሀገር ላምና ከሆልስታይን (ትልቅ የውጭ የወተት ከብት) ዘር የተወለደች ዲቃላ ናት፤ 13 ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት ኮርማ ፈለገች። የጎረቤት ኮርማ ደግሞ አጥር አይለየውም። «አሁን ባስጠቃት ቶሎ ትወልዳለች፣ ወተቱም ቶሎ ይመጣል። ምን ትለኛለህ?» ይላል። ሁለተኛዋ የሀገር ጊደር ስትሆን 3 ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን ምንም ምልክት አላሳየችም። ጎበዝ ሰው ነው። የዲቃላዋን የደረት ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ 132 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቷን 112 ብሎ ልኮልኛል።

ድሬ ላይ አንቱታ ያራርቃል ይባላል። ስለዚህ አንተ እያልኩ ልመልስልህ።

ዲቃላዋን አሁን አታስጠቃት። ገና ናት።

ኮርማ ፈለገች ማለት ማህፀኗ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ዳሌዋ ጥጃ ያሳልፋል ማለት አይደለም። ጊደር አብዛኛውን ጊዜ ኮርማ መፈለግ የምትጀምረው ስታድግ ከሚኖራት ክብደት ግማሹን እንኳ ሳትሞላ ነው። ለመጠቃት ግን ከ60 እስከ 65 በመቶውን መድረስ አለባት። ያደገች ዲቃላ ላም 400 ኪሎ ትመዝናለች ብንል፣ ጊደርህ ከ240 እስከ 260 ኪሎ ያስፈልጋታል። ከእናቷ ጋር አታወዳድራት፤ እናትየው የሀገር ላም ስለሆነች ትንሽ ናት። ጎረቤት ያለችውን ትልቅ ዲቃላ ተመልከት።

አሁን ስንት ናት? የደረት ዙሪያውን በራሱ አባዛው፤ ከዚያ በርዝመቱ አባዛና ለ10,840 አካፍል። 132 በ132 በ112፣ ሲካፈል 180 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ይጎድላታል። በቀን ግማሽ ኪሎ ብትጨምር ከ4 እስከ 5 ወር መሆኑ ነው። 18 ወር አካባቢ ላይ ተጠቅታ፣ 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ አርግዛ፣ በ27 ወሯ ብትወልድ ለእኛ አካባቢ አሪፍ ነው።

ስትለካ ሜዳ መሬት ላይ አቁማት። ጠዋት ሳትበላ ይሁን። ሜትሩን ከፊት እግሮቿ ጀርባ፣ ከክርኗ ኋላ አዙረው። ርዝመቱ ከትከሻዋ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ላይ ያልቃል አይደል? የአንተ ምልክት እሱ ይሁን። ደረቷ ላይ ሜትሩ ሊያልቅ ሲል፣ ርዝመቷ ደግሞ 120 ካለፈ፣ ያኔ ጊዜዋ ደርሷል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሐረር አቅራቢያ አንድ ግቢ በሌሊት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጊደሯ ዓመት ሳይሞላት የጎረቤት ኮርማ አግኝቷታል። ስደርስ የጥጃው ሁለት ኮቴ ወጥቷል፤ ጭንቅላቱ ዳሌዋ ላይ ቆሟል። በገመድ ስንስብ ብዙ ቆየን። ጥጃው ሞቶ ወጣ። እሷም የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋት ለቀናት ተኝታ ሰነበተች። ቆማ ስትታለብም የጠበቁትን ወተት አልሰጠችም፤ የበላችውን ለራሷ ዕድገት ነበር የምታውለው። ባለቤቱ አተርፋለሁ ያለው 5 ወር ነበር።

ስለዚህ 5 ወሩን በመኖ ተጠቀምበት። የማሽላ አገዳ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ቆራርጠህ ስጣት፤ ከላዩ በቀን ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ (የዘይት ተረፈ ምርት) ጨምር። የኦቾሎኒ ሐረግ ከባቢሌ በኩል ካገኘህ ግሩም ነው፤ የሻገተ ግን እንዳታስጠጋ። ከሐረር የቢራ አተላ የምታመጣ ከሆነ ትኩሱን ስጥ፤ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ገራባም (የጫት ትራፊ) ይረዳል፤ ጫቱ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ። አሞሌ ጨውና ውሃ ከፊቷ አይጥፋ።

ብቻ አታወፍራት። የሐረርጌን ሰው ሰንጋ ማድለብ የሚያስተምረው የለም፤ ጊደር ግን ሰንጋ አይደለችም። በልጅነቷ ከመጠን በላይ ከወፈረች የወተት እጢ የሚያድግበትን ቦታ ጮማ ይይዘዋል።

እስከዚያ በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፍ። በዚያ ሰሞን ከመንጋው ጋር አታውጣት፤ ግቢ አስረህ አብላት። ካመለጠችህና ኮርማው ካገኛት ደግሞ ዝም ብለህ አትጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንስሳት ሐኪም እርግዝናውን በመርፌ ሊያቋርጠው ይችላል። ሲገፋ ግን ከባድ ነው።

ጊዜዋ ሲደርስ የድሬ ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። ቀን ላይ ጥላ ስር ቆማ ምንም አታሳይም። ምልክቱ ሌሊትና ንጋት ላይ ይመጣል፤ ቶሎም ያልፋል። ከመተኛትህ በፊት ባትሪ ይዘህ እያት፤ ጎህ ሲቀድም እንደዚያው። ሌላዋ ስትወጣባት ጸጥ ብላ ከቆመች ያ ነው ዋናው። እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽም ጭራዋ ላይ ታያለህ። ጠዋት ካየህ ከሰዓት፣ ማታ ካየህ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። ያየህ እንደሆነ ወዲያው ለአዳቃዩ (ዘር ለሚያስገባው ባለሙያ) ደውል፤ «የመጀመሪያዋ ናት፣ ጥጃው ትንሽ የሚሆን ዘር ስጠኝ» በለው። የጀርሲ (አነስ ያለ የወተት ከብት) ዘር ካለው አትግደርደር።

የሀገሯ ጊደር ብዙም አታስጨንቅህ። የእኛ ከብቶች በደህና መኖ እንኳ ዘግይተው ነው የሚደርሱት፤ ብዙዎቹ የሚወልዱት ወደ 4 ዓመት ሲጠጉ ነው። መዥገሯን አስወግድ፣ የትል መድኃኒት አሰጣት፣ መኖዋን ለ3 ወር አሻሽል። ከዚያም ካላሳየች ሐኪሙ በእጁ ማህፀኗን ይመርምር።

ስለዚችው የሀገር ጊደር አንድ ነገር ግን ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል፦ መንታ ሆና ነው የተወለደችው? ከወንድ ጋር መንታ የሆነች ጊደር ከ10 ዘጠኟ መካን ናት። እንዲያ ከሆነ ትወልዳለች ብለህ ሐኪምም መኖም አታባክን። አደልበህ ለበዓል ሽጣት።